300 የሚሮጥ መኪና 3ኛው ዙር ላይ ለምን ይደክማል?

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ቲክቶክም ዩቲዩብም ላይ ሞልቷል። ቀይ መኪና፣ ሄልሜት ያደረገ ልጅ፣ ባዶ ትራክ። የመጀመሪያው ዙር እሳት ነው። ሁለተኛው የባሰ። ሦስተኛው ላይ ግን ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ ትላለች፣ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ቅድም ያለፋቸው መኪኖች በተራቸው ጥለውት ይሄዳሉ። ያየ ሰው ሁሉ "ተበላሸ" ይላል። አልተበላሸም። መኪናው ራሱን እያዳነ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው፤ ስለ ሞተርና ስለ ካምቢዮ ሙቀት። "እኛ ትራክ የት አለንና?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱን። ኑርበርግሪንግ ላይ ስፖርት መኪናን የሚያቆመው ነገር ዓባይ በረሃን ሲወጣ ቪትዝን ከሚያቆመው ነገር ጋር አንድ ነው። ስሙ ብቻ ነው የሚለያየው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጉልበት ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላው አንድ ሦስተኛ በማርሚታው በኩል ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረው ብረቱን ያሞቃል፤ ያንን ደግሞ ውሃና ዘይት ተሸክመው ወደ ውጭ ማውጣት አለባቸው። ማለት ሞተር ጎማ ከማዞሩ ይልቅ ዋና ሥራው ሙቀት ማምረት ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

አሁን 300 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና አስቡ። አስፋልት ላይ በ100 ሲሄድ የሚፈልገው ከ20 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። የቀረው ተኝቷል። ስለዚህ ራዲያተሩ የሚያስወጣው የትንሽ ሞተር ሙቀት ነው። ትራክ ላይ ግን እግር ከነዳጁ ላይ የሚነሳው ለፍሬንና ለኩርባ ብቻ ነው፤ 300ውም ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ሙቀቱም አብሮ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ከተማ ውስጥ ግን ማንም ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ረግጦ አይነዳም (የሚኒባስ ሾፌሮቻችንን ሳንጨምር)።

ታዲያ አምራቾቹ ለምን ትልቅ ራዲያተር አይገጥሙም? ምክንያቱም ትልቅ ራዲያተር ክብደት ነው፣ ዋጋ ነው፣ ፊት ለፊት ሰፊ ቀዳዳ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ደግሞ ንፋስ ይይዝና ነዳጅ ይበላል። መኪናው የሚሸጠው ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ ለሚነዳው ሰው ስለሆነ ሂሳቡ የሚሠራው ለእሱ ነው።

ይህ ሂሳብ በአደባባይ የከሸፈበት አንድ ታሪክ አለ። የሼቭሮሌ ኮርቬት ዜድ 06። የ2015 ሞዴል (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) ሲወጣ 6.2 ሊትር ሞተር፣ አናቱ ላይ ሱፐርቻርጀር፣ 650 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። ለትራክ የተሠራ ተብሎ ነው የተሸጠው። ገዢዎቹም አመኑና ትራክ ወሰዱት። ከዚያ ቅሬታው መጣ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ መኪናው ይሞቅና ጉልበት ይቀንሳል፣ ነጂው ወደ ማቆሚያው ለመመለስ ይገደዳል። በተለይ ሞቃት ቀን ላይ፣ በተለይ ደግሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው።

የኮርቬት መሐንዲሶች የሰጡት ማብራሪያ እኛን በጣም ነው የገረመን። የትራክ ሙከራ መስፈርታቸው የአየሩ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። አውቶማቲኩንም ማርሹን ነጂው ራሱ በእጁ እየቀያየረ ነበር የፈተኑት። ገዢው ግን ፍሎሪዳ ውስጥ በ35 ዲግሪ፣ ማርሹን "ዲ" ላይ አስቀምጦ ረገጠው። "ዲ" ላይ ካምቢዮው ራሱ ዝቅተኛ ማርሽ እየመረጠ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ያሽከረክረዋል። ብዙ ዙር፣ ብዙ ሰበቃ፣ ብዙ ሙቀት። ለ2017 ሞዴል ኮፈኑ ላይ ሰፋ ያለ የአየር መውጫ ተሠራለት፣ የሱፐርቻርጀሩ ክዳንም ተቀየረ። በዚያው ዓመት ደግሞ የቀደሙት ሞዴሎች ባለቤቶች ፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ክርክራቸውን ባጭሩ ስናስቀምጠው "ለትራክ ብላችሁ ሸጣችሁልን፣ ትራክ ላይ አይሠራም" የሚል ነው።

እኛ የምንለው፦ የፈረስ ጉልበት ማስታወቂያ ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ግን አይጻፍም። መጻፍ ነበረበት።

ብቻውን አይደለም። የ2009ኙ ኒሳን 370 ዜድ ሌላ ምሳሌ ነው። ባለ 3.7 ሊትር ጥሩ ሞተር ነው፤ ግን የዘይት ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ትራክ ላይ ውሃው ደህና ሆኖ ሳለ የዘይቱ ሙቀት እየወጣ ይሄድና መኪናው ራሱን ይገታል። በኋላ በወጡት ሞዴሎች ኒሳን ማቀዝቀዣውን ጨመረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ውሃው ደህና፣ ዘይቱ ግን የሞቀ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው።

ዳሽቦርዳችሁ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት የሚያሳየው የውሃውን ነው። እሱም ቢሆን እውነቱን አይነግራችሁም። በብዙ መኪና ላይ ቀስቱ ውሃው ከ75 እስከ 105 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መሀል ላይ ዝም ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ነጂው በየዳገቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ ነው። ውጤቱ ምንድነው? ቀስቱ ከመሀል መነቃነቅ ሲጀምር ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል።

ዘይት ደግሞ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ውሃው 90 ሲደርስ ዘይቱ ገና 50 ወይም 60 ላይ ሊሆን ይችላል። ትራክ ላይ ደግሞ ውሃው 100 ላይ ተረጋግቶ ዘይቱ 130ን አልፎ ይሄዳል። ቁጥሩን እንደ ግምት ያዙት፤ ከመኪና መኪና ይለያያል፦ የሞተር ዘይት ከ80 በታች ከሆነ አትርገጡት፣ ከ100 እስከ 125 ጤናማ ነው፣ 130 ላይ ልብ በሉ፣ 140 ላይ ውጡ። ውሃው ከ90 እስከ 105 ጥሩ፣ 115 ላይ ማቀዝቀዝ ጀምሩ።

ዘይቱ ሲሞቅ ምን ይሆናል? ይቀጥናል። 130 ዲግሪ ላይ ያለ ዘይት 100 ዲግሪ ላይ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ውፍረቱ ግማሽ ገደማ ነው። ክራንክሻፍቱ የሚንሳፈፈው በዘይቱ ስስ ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምፅ "ጠክ ጠክ ጠክ" ነው፤ ያን ድምፅ የሰማ መካኒክ ቀና ብሎ ያያችሁና ዋጋ ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል። ዘይቱ መጠኑም ጎድሎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል። ስለዚህ ትራክ የሚወጡ ሰዎች ከጎማም ከምንም በፊት የሚያዩት የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ነው።

ወደ ካምቢዮ እንሂድ። ማንዋል ካምቢዮ ውስጥ ብዙ ሙቀት የለም፤ ማርሽ ከማርሽ ይፋጫል፣ እሱን ዘይቱ ይችለዋል። አውቶማቲክ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ነገር ነው። ሁለት ቬንቲላተር ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አንዱን ብታበሩት ንፋሱ ሌላኛውንም ያዞረዋል አይደል? በንፋሱ ፈንታ ዘይት አድርጉት። አንዱ ሲፈጥንና ሌላው ሲዘገይ መሀል ላይ ያለው ልዩነት በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቋሚ ፍጥነት ስትሄዱ ውስጡ ያለ ክላች ሁለቱን ያጣብቃቸውና ሙቀቱ ይቆማል። ስትረግጡ፣ ስትለቁ፣ ዳገት ስትወጡ ግን ይላቀቃሉ።

የአውቶማቲክ ዘይት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ደስተኛ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባል የቆየ የሙያ ግምት አለ። 120 ላይ ጥንቃቄ፣ 130ን ሲያልፍ ማቆም ነው። ቀይ የነበረው ዘይት ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ውስጥ ያሉት ክላቾች መቃጠል ጀምረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በብዙ አውቶማቲክ መኪና ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ትንሽ ቱቦ ነው። ማለት ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ማቀዝቀዣ ይጋራሉ። ካምቢዮው ሲሞቅ ውሃውን ያሞቀዋል፣ ውሃው ሲሞቅ ካምቢዮውን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ጎረቤት ቤት የተነሳ እሳት እንደማለት ነው። በትራክ መኪኖች ላይ ከሚደረጉት የመጀመሪያ ለውጦች አንዱ ለካምቢዮው የራሱን ማቀዝቀዣ መስጠት የሆነው ለዚህ ነው።

እሺ፣ ጎበዝ ነጂዎች ሙቀቱን እንዴት ነው የሚቆጣጠሩት? መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት አነዳዳቸውን ነው የሚያስተካክሉት። የመጀመሪያው ዙር ማሞቂያ ነው፤ ዘይቱ 80 እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዙር ይረግጣሉ። ከዚያ አንድ ዙር ይለቃሉ፤ ከፍ ያለ ማርሽ፣ ዝቅ ያለ የሞተር ዙር፣ ፍሬን ሳይነኩ ማለት ይቻላል። ዘይቱ ሲወርድ ደግሞ ይረግጣሉ። ሞተሩ 7,000 ዙር የሚችል ከሆነ 6,000 ላይ ማርሽ መቀየር ብቻውን ሙቀቱን በደንብ ያወርደዋል፣ የሚጠፋው ሰዓት ደግሞ ጥቂት ነው። ሌላ መኪና ኋላ ተጠግተው ሲሄዱም ወጣ ይላሉ፤ ከፊት ያለው መኪና የሚተፋው አየር የሞቀና የተረበሸ ስለሆነ ራዲያተራቸው ይታፈናል።

ከትራክ ሲወጡ ደግሞ ወዲያው አያጠፉም። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውም ዘይቱም መዞር ያቆማሉ፤ ብረቱ ግን ገና እሳት ነው። ቱርቦ ያለው ከሆነ እዚያ የቆመው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ኮፈኑን ይከፍታሉ። የእጅ ፍሬንም አይስቡም፤ የጋለ ፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ ያስገቡትና ከጎማው ሥር ሽብልቅ ያደርጋሉ።

ሙቀቱን ችላ ማለት መኪናውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ጀርመን ያለው ኑርበርግሪንግ ኖርድሽላይፈ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ማንም ሰው ከፍሎ የራሱን መኪና የሚነዳበት ሰዓት አለው። ቤርግቬርክ የሚባለውን ኩርባ እንዳለፋችሁ ረጅም ዳገት ይጀምራል፤ ሙሉ ነዳጅ እየተረገጠ ነው የሚወጣው። ራዲያተር ወይም ጎማ ቱቦ ቢፈነዳ የሚፈሰው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከኋላ የሚመጣው ሰው አያየውም። ሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ አስቡት። ትራኩ ይዘጋል፣ ይጠረጋል፣ ሂሳቡ የሚላከው ላፈሰሰው ሰው ነው። በብዙ አገር ለሞተር ሳይክል ትራክ ስትመጡ ራዲያተር ውስጥ ያለውን ቀለማም ፈሳሽ ቀይራችሁ ንጹሕ ውሃ አድርጉ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ በቆዳችሁ ታውቁታላችሁ። ዱባይ አውቶድሮምም ያስ ማሪናም አሉ። ራዲያተር የሚሠራው በልዩነት ነው፤ ውሃው 100፣ አየሩ 20 ከሆነ ልዩነቱ 80 ነው። አየሩ 45 ሲሆን ልዩነቱ 55 ይሆናል። ያው ራዲያተር፣ ያው መኪና፣ ሙቀት የማስወጣት አቅሙ ግን በ30 በመቶ ወርዷል። ነሐሴ ላይ እኩለ ቀን መኪና ትራክ ላይ የሚያወጣ ሰው ሁለት ጥሩ ዙር ካገኘ ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ከፍታ ነው የምትወጡት። መኪናው ሰው ሞልቶ፣ ላዩ ላይ ጭነት፣ ፍጥነቱ 20 ወይም 30። ትራክ ላይ ቢያንስ ፍጥነት ስላለ ንፋሱ ራዲያተሩን ይመታዋል። እዚህ ግን ሞተሩ የትራክ ያህል እየሠራ ንፋሱ የእግረኛ ነው። ታች በረሃው ደግሞ ይነዳል።

በዚህ ላይ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ ወደ 92 ላይ ነው። አየሩም ስስ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ታዲያ በ92 የሚፈላ ውሃ በ95 የሚሠራ ሞተርን እንዴት ያቀዘቅዛል? መልሱ ክዳኑ ነው። የራዲያተራችሁን ክዳን (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ) እዩት፤ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነና 1.1 ከሆነ አዲስ አበባ ላይም ውሃው እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን 92 ላይ መፍላት ይጀምራል። የአንድ ሞተር ዕድሜ በአንዲት ክዳን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ክዳኗ ደግሞ መኪናው ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በርካሽ ከሚገኙት አንዷ ናት።

ቁጥሩን አልፋችሁ እንዳትሄዱ፤ የሰው ፊት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ውሃው ውስጥ በግፊት ታፍኖ 110 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። ገና ፈሳሽ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱት ግፊቱ ይጠፋል፤ በቅጽበት የመፍያ ልኩ ወደ 92 ይወርዳል። 110 ላይ ያለ ውሃ "አሁን እንፋሎት መሆን አለብኝ" ይላል። ሆኖም ይወጣል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ፊታችሁ።

አንድ ጊዜ ወደ ጎጃም ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከድልድዩ በላይ እየተንፈቀፈቀ ቆመ። ረዳቱ ልጅ ነው፣ አሥራ ስምንት ቢሆነው ነው። ጨርቅ ይዞ ዘሎ ወረደና እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ "አንተ! ተው ብዬሃለሁ!" ብሎ ጮኸ። ልጁ ደነገጠና ቆመ። "ጋሼ፣ ውሃ ልጨምር ብዬ እኮ ነው።" ሾፌሩ ወርዶ ክንዱን ገልጦ አሳየው፤ ከክርኑ እስከ አንጓው የተጨማደደ ጠባሳ ነው። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። አርባ ደቂቃ ቁጭ አልን። አንዲት እናት ከቅርጫታቸው ቆሎ አወጡና ለሁላችንም አካፈሉን። ከዚያ ክዳኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን፣ በጨርቅ፣ ሩብ ዙር ብቻ ከፍቶ "ፍስስ" እስኪል ጠበቀና ሞላው።

ያ ሾፌር ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። ባይደርስበት የምንመርጠው አንድ ነገር ቢኖር መቆሙ ነው። ቀስቱ ከመሀል ማለፍ ሲጀምር የሚደረግ ነገር አለ፦ ኤሲ ማጥፋት፣ መስኮት መክፈትና የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ መክፈት። አዎ፣ በረሃ ላይ ማሞቂያ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ተሳፋሪው ያላብበታል፣ ይማረራል፣ ግን ደጀን ይደርሳል። ትራክ ላይ የሚነዱትም ሲጨንቃቸው ይህንኑ ያደርጋሉ።

አውቶማቲክ የምትነዱ ደግሞ እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ቅድም ትራክ ላይ ከፍ ያለ ማርሽ ተጠቀሙ አልን። ዓባይ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ትራክ ላይ ሙቀቱን የሚያመጣው የሞተሩ ዙር ብዛት ነው። ዳገት ላይ በዝግታ ስትወጡ ግን "ዲ" ላይ ከተዋችሁት ካምቢዮው በሁለት ማርሽ መካከል ሲዋዥቅ ቶርክ ኮንቨርተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ይንሸራተታል። "2" ወይም "ኤል" ላይ ስታደርጉት፣ ወይም የኦቨርድራይቭ ቁልፉን ስታጠፉት መዋዠቁ ይቀንሳል፣ የውሃ ፖምፓውም ፈጠን ብሎ ይዞራል። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጡ።

ስለ ቴርሞስታት ሳናነሳ ብናልፍ ቅር ይለናል። ጋራዥ ሄዳችሁ "ይሞቃል" ስትሉ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት "ቴርሞስታቱን እናውጣው" ነው። ሐሳቡ ገብቶናል፤ በሩ ከተነሳ ውሃው እንደ ልቡ ይዞራል። ችግሩ፣ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና በልኩ ላይ እንዲቆይ የሚያደርግ ነው። እሱ ከሌለ ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ትነዳላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ቴስታታውን በደንብ ሳይዞር በአቋራጭ ይመለሳል። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይቀየራል። ዋናው በሽታ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ የደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ፋን፣ ያረጀ ክዳን፣ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ እየተሞላ የዛገ ውስጥ። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ የመፍያ ልኩን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገት ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ይህን አያደርግም።

ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ከመሪው በታች ኦቢዲ የሚባል መሰኪያ አለ፤ ብሉቱዝ ያላት ትንሽ ዕቃ ሰክታችሁ በአፕሊኬሽን ትክክለኛውን የውሃ ሙቀት በዲግሪ ማየት ትችላላችሁ። የዘይትና የካምቢዮን ሙቀት የሚያሳየው ግን ሁሉም መኪና አይደለም። ቢያንስ የውሃው ቁጥር ከዚያ ውሸታም ቀስት ይሻላል። ስልኩን ግን ከጎናችሁ ያለው ሰው ይያዘው።

በመጨረሻ ኤሌክትሪክ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ (2024 ነው) "በቃ ከራዲያተር ተገላገልን" የሚል ሰው በዝቷል። አልተገላገልንም። ባትሪም ሞተሩም ይሞቃሉ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽም አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ቴስላ ሞዴል ኤስ መኪኖች ትራክ ላይ ገና በጥቂት ዙር ጉልበት በመቀነስ ይታወቁ ነበር። በኋላ የመጡት ከዚያ ተምረዋል፤ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ትራክ ከመግባቱ በፊት ባትሪውን ቀድሞ የሚያዘጋጅበት ቁልፍ አለው። ብዙ ዙር እንዲችል ባትሪውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያስነሳዋል።

ለእኛ መንገድ ግን የሚገርመው መውጫው ሳይሆን መውረጃው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ሞተሩን እንደ ዲናሞ አዙሮ ባትሪውን እየሞላ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚሞላበት ቦታ የለም፤ መኪናው መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወርድ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ወይ ባትሪ ውስጥ፣ ወይ ፍሬን ሸራ ላይ። ስለዚህ ጎጃም የምትሄዱ ከሆነ በቁልቁለቱ አፍ ላይ ባትሪያችሁን 100 አታድርሱት። 85 ላይ ብታቆሙት ዓባይ ራሱ ይሞላላችኋል።